ከሣሩ ዳር እስከ ጭልሞ ደን፦ የምዕራብ ሸዋ ወፎች እንዴት ይጋባሉ?

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚጓዝ ሰው ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን ሲያልፍ ግራ ቀኙ አረንጓዴ ብቻ ነው። ጤፉ ገና መሬቱን ማልበስ ጀምሯል፤ በየማሳው ድንበርና በየቦዩ ዳር የቆመው ሰንበሌጥ ግን ከወገብ አልፏል። መኪና አቁሞ ትንሽ ለታገሠ ሰው ከዚያ ሣር ውስጥ አንድ ጥቁር ወፍ ይነሣል። አካሉ ከድንቢጥ ብዙም አይበልጥም። አናቱ ደማቅ ቀይ ነው፤ ያው ቀይ ወደ ታች ወርዶ ደረቱን እንደ አንገትጌ ይዞራል። ከኋላው ሰፊና ረጅም ጅራት ይጎትታል። ላባውን ነፍቶ፣ ጅራቱን ዘርግቶ፣ ክንፉን በዝግታ እየመታ ከሣሩ በላይ ጥቂት ይንሳፈፍና ተመልሶ ይሰወራል። ወዲያው ደግሞ ይነሣል። ከቦዩ ማዶ ሌላ ወንድ ያንኑ ያደርጋል።

ይህ ቀይ አንገትጌ ወፍ በበጋው ወራት ከሴቷ የማይለይ ቡናማ ነበር። ጥቁሩንም፣ ቀዩንም፣ ጅራቱንም የለበሰው ለክረምቱ ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ መልሶ ያወልቀዋል። ብዙ ገበሬ እህል ከሚበሉት ወፎች ጋር ደምሮ ስለሚያየው ለመልኩ ግድ አይሰጠውም። ለመልኩ ግድ ያላቸው ሣሩ ግርጌ የተቀመጡት ቡናማ ሴቶች ናቸው። ከአንዱ ወንድ ይዞታ ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ ያያሉ፣ ያወዳድራሉ። አንዱ ወንድ በአንድ ክረምት የብዙ ሴቶችን ጎጆ በይዞታው ያስተናግዳል፤ አጠገቡ ያለው ደግሞ እስከ መስከረም ሲንሳፈፍ ከርሞ አንዲትም ላያገኝ ይችላል።

ወንዱን እንዲህ ያስጌጠው የሴቷ ምርጫ ነው የሚለውን ሐሳብ ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1871 ባሳተመው መጽሐፉ አቅርቦት ነበር። ከዚያ በኋላ ለመቶ ዓመት ገደማ ብዙ ሊቃውንት አልተቀበሉትም። ወፍ፣ ያውም ሴት ወፍ፣ መልክ ትመርጣለች ማለት ከበዳቸው። ነገሩን በሜዳ ላይ የፈተነው ስዊድናዊው ማልተ አንደርሰን ነው። ኬንያ ውስጥ በኪናንጎፕ አምባ የእኛው ቀይ አንገትጌ የቅርብ ዘመድ የሆነ፣ ጅራቱ እስከ ግማሽ ሜትር የሚደርስ ወፍ አለ። አንደርሰን የአንዳንዶቹን ወንዶች ጅራት ቆርጦ አሳጠረ፤ የተቆረጠውን ላባ ደግሞ በሌሎቹ ጅራት ጫፍ ላይ በማጣበቂያ ቀጠለ። መቁረጡና መለጠፉ በራሱ ለውጥ እንዳያመጣ በማሰብ፣ ሦስተኛ ቡድን ወፎችን ጅራት ቆርጦ ያንኑ መልሶ ለጠፈላቸው። አራተኛውን ቡድን አልነካውም። ከዚያ በየይዞታው ውስጥ አዲስ የተሠሩትን ጎጆዎች ቆጠረ። ከሁሉም በላይ ሴቶች የሰፈሩት ጅራቱ በተቀጠለለት ወንድ ይዞታ ነበር። ተፈጥሮ ከሰጠችው የረዘመ ጅራት እንኳ ሴቷ ትወዳለች ማለት ነው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1982 ታተመ፤ ክርክሩም ከዚያ ወዲህ መልኩን ቀየረ።

የእኛው ቀይ አንገትጌ ግን ሁለት ጌጥ አለው፤ ቀይና ረጅም። ለምን ሁለት አስፈለገው? ሣራ ፕራይክና ስታፋን አንደርሰን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በዚሁ ዝርያ ላይ ባደረጉት ጥናት ያገኙት መልስ እኔን ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ነው። ሴቶቹ የሚያዩት ጅራቱን ነው፤ አንገትጌውን ከቁብ አይቆጥሩትም። አንገትጌው የሚነገረው ለወንድ ነው። ቀዩ ሰፋ ያለና ደመቅ ያለ ወንድ ሰፊ ይዞታ ይይዛል፤ ቀዩ የደበዘዘው ሸሽቶ ቦታ ይለቃል። ቀይ ቀለሙን ወፉ በራሱ አካል ከምንም አይሠራውም፤ መነሻው ከምግብ የሚገኝ ነው። ስለዚህ ደማቅ አንገትጌ ያለው ወንድ በልቶ የጠገበ፣ ለጠብም አቅም ያለው ነው። ጅራቱስ? ጅራቱ ሸክም ነው። በዝናብ ይርሳል፣ በነፋስ ይጎትታል፣ ጭልፊት ሲመጣ ያዘገያል። ያን ሸክም ተሸክሞ ክረምቱን ሙሉ መንሳፈፍ የቻለ ወንድ ጤነኛ መሆኑን ሴቷ ሳትጠይቅ ታውቃለች። የእስራኤሉ አሞጽ ዘሃቪ እ.ኤ.አ. በ1975 ያነሣው ሐሳብም ይኸው ነበር፤ ማስመሰል የማይቻለው ምልክት ዋጋ የሚያስከፍለው ምልክት ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን እዚህ ላይ ይነሣል። እንቁላል መታቀፉም፣ ጫጩት መመገቡም የሴቷ ብቻ ከሆነ፣ ከምንም ነገር የማያግዛትን ወንድ ለምን ከሌሎች ጋር ትካፈለዋለች? ብቻውን የሆነውን ጎረቤቱን ይዛ እርዳታ ብታገኝ አይሻላትም?

መልሱ ያለው ሣሩ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 እንግሊዛዊው ጆን ክሩክ 90 ገደማ የሚሆኑ የሸማኔ ወፍ ዝርያዎችን አኗኗር ጎን ለጎን አስቀምጦ አነጻጸረ። ቀይ አንገትጌውም የዚሁ የሸማኔ ወፎች ቤተሰብ አባል ነው። ክሩክ ያገኘው ሥርዓት ግልጽ ነበር። በደን ውስጥ ነፍሳት እየለቀመ የሚኖር ዝርያ ባልና ሚስት ሆኖ፣ ከሌሎች ተለይቶ፣ ጎጆውን ደብቆ ይኖራል። ወንድና ሴቱም በመልክ ይቀራረባሉ። በሣር ሜዳ ዘር እየበላ የሚኖረው ግን በመንጋ ይሰፍራል፣ አንድ ወንድ ብዙ ሴት ይይዛል፣ ወንዱም ያሸበርቃል። ምክንያቱ ምግቡ ነው። ነፍሳት በደን ውስጥ ተበትነው፣ ተደብቀው፣ ዓመቱን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ ይገኛሉ፤ ጫጩት ለማሳደግ ሁለት አዳኝ ያስፈልጋል። በሜዳው ግን ዝናብ ሲጥል ዘሩም ትሉም በአንድ ጊዜ ይትረፈረፋል፤ እናት ብቻዋን ታሳድጋለች። የወንዱ እጅ ካላስፈለጋት የምትፈልገው ጥሩ ሣር የያዘውንና ጤነኛ ዘር የሚሰጣትን ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 እስቲቨን ኤምለንና ሉዊስ ኦሪንግ ይህን አስፍተው ለእንስሳት ሁሉ የሚሆን ማብራሪያ አደረጉት፤ ምግብና መክተቻ ቦታ በምድሩ ላይ እንዴት እንደተበተነ እወቅ፣ የጋብቻው ዓይነት ከዚያ ይከተላል።

ምዕራብ ሸዋ ይህን ለማየት የተመቸ አገር ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ካለችው ከአምቦ ተነሥቶ በጉደርና በጌዶ በኩል ወደ ባኮ የሚወርድ ሰው በግማሽ ቀን ውስጥ ከደጋው ወርዶ ወደ ቆላ የሚጠጋ ወይና ደጋ ይደርሳል፤ የወፎቹም ትዳር አብሮት ይለወጣል።

በባኮ በኩል ባለው ሞቃት አገር በአንድ ዛፍ ላይ በርካታ ጎጆ የሚያንጠለጥለው ቢጫው የመንደር ሸማኔ አለ። ወንዱ ከሣርና ከዘንባባ ቅጠል ሰንጥቆ ባወጣው ክር ጎጆውን ይሠራል። ሴት ስትቃረብ ከጎጆው አፍ ሥር ዘቅዝቆ ተንጠልጥሎ ክንፉን ያርገበግባል፣ ይጮኻል። እሷም ትገባለች፣ ውስጡን ትፈትሻለች፣ ክሩን በምንቃሯ ትጎትታለች። ኒኮላስና ኤልሲ ኮሊያስ የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ይህን ወፍ ለዓመታት አጥንተውታል። ሴቷ የምትወደው ትኩስ አረንጓዴ ጎጆ ነው፤ ቀኑ አልፎ ቡናማ የሆነውን ትታው ትሄዳለች። ጎጆው ያልተፈለገለት ወንድ በገዛ ምንቃሩ ያፈርሰውና በቦታው ሌላ ይጀምራል። ጀማሪ ወንዶች የሚሠሩት ጎጆ ሸካራና ልል ነው፤ ሙያው በልምምድ ይመጣል። ሴቷ ደግሞ ይህን ለይታ ታውቃለች።

አሁን ወደ አምቦ እንመለስ። በየግቢው፣ በወይራውና በብሳናው ላይ፣ ጥቁር ጭምብል ያጠለቀ የሚመስል ሌላ ቢጫ ሸማኔ ይታያል። ባግላፌክት ይባላል፤ የኢትዮጵያ ደጋ ሁሉ ነዋሪ ነው። ከባኮው ወፍ ጋር አንድ ወገን ሆኖ ሳለ ኑሮው ሌላ ነው። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ብቻቸውን ይኖራሉ፤ በዛፉ ላይ የሌላ ቤተሰብ ጎጆ አይገኝም። ሁለቱም ጫጩት ይመግባሉ። የሚበሉት በአብዛኛው ነፍሳት ነው። የክሩክን ድምዳሜ ለማመን መጽሐፍ ማገላበጥ አያስፈልግም፤ አምቦ ላይ ቁርስ በልቶ ባኮ ላይ ምሳ መብላት ይበቃል።

ከጊንጪ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ሲሉ ደግሞ የጭልሞ ደን ይጀምራል። ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራ፣ ጥቁር እንጨት። በዚህ ደን ጠርዝ ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ድምፅ አለ፤ እንደ ደወል የጠራ፣ አጭር፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ወረድ ብሎ የሚመታ፣ በመጨረሻም ሻከር ያለ ምላሽ ያለበት። ሰምቶ የማያውቅ ሰው አንድ ወፍ ነው ይላል። ሁለት ናቸው። ቦቡ የሚባለው፣ ጀርባው ጥቁር ሆዱ ነጭ የሆነ ወፍ ወንድና ሴት ናቸው፤ አንዱ ጀምሮ ሌላው የሚጨርሰው፣ መሐሉ ላይ ክፍተት የማይሰማበት ቅብብል። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ የቦቡን ዘመዶች ያጠናው ዊልያም ቶርፕ ቅብብሉ ምን ያህል ጊዜውን የጠበቀ እንደሆነ በድምፅ መቅረጫ ለክቶ አሳይቷል። አብረው የሚኖሩ ጥንዶች የየራሳቸው ዜማ አላቸው። አንዱ ሲጠፋ የቀረው የሁለቱንም ድርሻ ብቻውን ሊያዜም ይችላል።

እንዲህ ያለውን ቅብብል ከፍቅር ብቻ የሚመነጭ አድርጎ ማየት ግማሹን ማጣት ነው። በሐሩር ምድር የሚኖሩ የደን ጥንዶች እንደ አውሮፓ ወፎች በጸደይ መጥተው በመኸር አይሄዱም። ይዞታቸውን ዓመቱን ሙሉ ይጠብቃሉ፤ በክረምትም በበጋም እዚያው ናቸው። ጎረቤት ድንበር ሲገፋ ሁለቱ አብረው ይጮኻሉ፣ ይህም በቦታው ላይ ባልም ሚስትም እንዳሉ ማስታወቂያ ነው። በኮት ዲቯር የተደረገ አንድ ጥናት ደግሞ ቦቡዎች ከድንበር ጠብ በድል ሲወጡ ብቻ የሚያዜሙት የተለየ ቅብብል እንዳላቸው አግኝቷል። አሸንፈናል የሚለውን ጎረቤት ሁሉ እንዲሰማው ይፈልጋሉ። በእንዲህ ያለ ኑሮ ሴቷ እንደ ቀይ አንገትጌዋ ተደብቃ የምትመርጥ ብቻ አይደለችም። ትዘፍናለች፣ ትዋጋለች፣ ርስት ትጠብቃለች። ለዚህም ይመስለኛል የቦቡ ወንድና ሴት በመልክ የማይለዩት፤ ሁለቱም የሚሠሩት ሥራ አንድ ነው።

በጥዱ ላይ የሚሮጠው ቱራኮም እንዲሁ ነው። አካሉ አረንጓዴና ሰማያዊ፣ ጉንጩ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት፣ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ እንደ ጦጣ የሚሮጥ ወፍ ነው። ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራና ከአካባቢያቸው ውጭ አይገኝም። ተቀምጦ ሳለ የክንፉ ቀይ አይታይም። ሲበር ግን ክንፉ ይከፈትና ደማቅ ቀይ ብልጭ ይላል፤ ቀለሙ መዳብ ያለበት ሲሆን ከዚህ ወገን ወፎች ውጭ አይታወቅም። ጥንዶቹ እየተከታተሉ ከዛፍ ዛፍ ሲበሩ ያን ቀይ ይገልጣሉ፤ ወንዱ ፍሬ ለቅሞ በሴቷ ምንቃር ውስጥ ያኖራል። በጥዱ ጉድጓድ የሚያድረው ባለ ጥቁር ክንፍ ትንሽ በቀቀንም ሚስቱን በአፉ ይመግባል። እሱ ግንባሩ ቀይ ነው፣ እሷ አረንጓዴ ብቻ። ጥንድ ሆነው ዓመታት ይኖራሉ።

ዴቪድ ላክ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሰላው መሠረት ከ10 የወፍ ዝርያዎች ከ9 በላይ የሚሆኑት እንዲህ ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚራቡት። ያን ጊዜ ይህ የመታመን ማስረጃ ተደርጎ ተወሰደ። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የዘረ መል ምርመራ ሲመጣ ግን በየጎጆው ያሉ ጫጩቶች አባት ይመረመር ጀመር። ጥንድ ሆነው በሚኖሩ ዝርያዎች በአማካይ ከ10 ጫጩቶች አንዱ የጎጆው ወንድ ልጅ አይደለም። በአንዳንዱ ዝርያ ቁጥሩ ከዚህ እጅግ ይበልጣል፣ በአንዳንዱ ደግሞ ምንም የለም። ተመራማሪዎቹ ብሪጅት እስታችበሪና ዩጂን ሞርተን በሐሩር ምድር ወፎች ላይ ይህ ነገር አነስ እንደሚል ተከራክረዋል። ምክንያቱም በቀዝቃዛው አገር ሴቶች ሁሉ በአንድ ወር ስለሚራቡ ወንዶች አጋጣሚው ሞልቷቸዋል፤ በእኛ ዓይነት አገር ግን ጥንዶቹ በየጊዜያቸው ስለሚራቡ ሚስቱን ትቶ የሚዞር ወንድ የሚያገኘው ጥቂት ነው።

የትዳር ጥግ የሚባለው ከጭልሞ ራቅ ብሎ፣ ወንዶ ገነትን በመሰሉ ደኖች አለ። ጉንጩ ብርማ፣ ምንቃሩ ግዙፍ፣ ሲበር ክንፉ ከሩቅ የሚሰማው ትልቁ ጥቁር የደን ወፍ። ሴቷ በትልቅ ዛፍ ጉድጓድ ውስጥ ትገባለች። ወንዱ አፈር ውጦ፣ በምራቁ ለውሶ እያመጣ ያቀብላታል፤ እሷም ከውስጥ በሩን በጭቃ ትመርገዋለች። የሚቀረው ምንቃር ብቻ የሚያሾልክ ቀዳዳ ነው። ከዚያ ወዲያ ወራት ሙሉ እሷንም ጫጩቶቿንም የሚቀልበው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 ጥናታቸውን ያሳተሙት ሬጂናልድና ዊኒፍሬድ ሞሮ ታንዛኒያ ውስጥ አማኒ ላይ የተከታተሉት ወንድ በአንድ የእርባታ ዘመን ወደ 24,000 የሚጠጋ ፍሬ እንዳመጣ ተሰልቷል። እሱ በጭልፊት ቢበላ በሩ የተዘጋባት ሚስቱና ልጆቹ ከባድ አደጋ ላይ ይወድቃሉ። እንዲህ ያለ ትዳር የሚቆመው ጉድጓድ ያበጀ ያረጀ ዛፍና ወራት ሙሉ የማያልቅ ፍሬ ባለበት ደን ብቻ ነው።

ሌላኛው ጥግ ከአምቦ ግቢዎች አይርቅም። በየደጃፉ ፍርፋሪ የምትለቅመውን ትንሽ ቀይ ወፍ ሁሉም ያውቃታል፤ ከሰው እግር ሥር አትሸሽም። እሷ ባለችበት ሁሉ ሰማያዊ ጥቁር የሆነ፣ እግሩ ቀላ ያለ ትንሽ ወፍ በሽቦ ወይም በደረቀ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጦ ሲዘፍን ይውላል። ይህ ወፍ ጎጆ አይሠራም። ሴቷ እንቁላሏን በቀይዋ ወፍ ጎጆ ጥላ ትሄዳለች። ጫጩቱም በማያውቀው ቤተሰብ ያድጋል፤ የአሳዳጊ አባቱን ዘፈን ይማራል። ሲያድግ ወንዱ ያንን ዘፈን ይዘፍናል፤ ሴቷም ያንን ዘፈን የሚዘፍነውን ወንድ ትመርጣለች፣ ምክንያቱም በዚያው ዓይነት ጎጆ ያደገ መሆኑን ድምፁ ይነግራታል። ሮበርት ፔይን ዛምቢያ ውስጥ ለዓመታት ተከታትሎ ሁለት ነገር አገኘ። በአንድ መንደር ካሉት ወንዶች ጥቂቶቹ አብዛኛውን ሴት ያገኛሉ፤ ሌሎቹ ወንዶች ደግሞ የእነዚያን ዜማ እየሰሙ የራሳቸውን ያስተካክላሉ። የመዘፈኛው ዛፍም ከዓመት ዓመት ያው ነው፤ ባለቤቱ ሲሞት ሌላ ወንድ ይወርሰዋል። ለዚህ ነው በግቢ ውስጥ አንድ የደረቀ ቅርንጫፍ ስትቆረጥ ብዙ ነገር አብሮ የሚቆረጠው።

ተራው ሁሉ የተገለበጠባቸውም አሉ። ዝዋይ ሐይቅ ላይ በቅጠል ላይ የምትራመደዋ ጃካና ከወንዱ ትገዝፋለች፣ ብዙ ባሎች አሏት፣ ለእያንዳንዱም እንቁላል ጥላለት ትሄዳለች። ታቅፎ የሚያሳድገው እሱ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጭልሞን ሳስብ የሚያሳስበኝ የዛፉ ቁጥር ብቻ አይደለም። ደኑ እ.ኤ.አ. በ1982 ከ22,000 ሄክታር በላይ እንደነበር፣ ከዚያ ወዲህ ግን ወደ 6,000 ሄክታር ገደማ እንደወረደ ጥናቶች ይጠቅሳሉ። በ2008 ዓ.ም. ኅዳር ጊንጪ ላይ ተማሪዎች አደባባይ ሲወጡ፣ ካነሷቸው ቅሬታዎች አንዱ የዚህ ደን ጉዳይ ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ ጭልሞ ከ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፋርም አፍሪካ ባገዘው ሥራ የአካባቢው ነዋሪ በማኅበር ተደራጅቶ ደኑን እንዲጠብቅና እንዲጠቀም ከተደረገባቸው የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ደኖች አንዱ ነው። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው መዝገብ 69 ለወፎች አስፈላጊ ቦታዎችን ሲዘረዝር የምዕራብ ሸዋ ደኖችን አልዘለላቸውም።

ደን ተቆርጦ ማሳ ሲሆን ወፍ ሁሉ አይጠፋም። ቀይ አንገትጌው እንዲያውም ሣር ያገኛል። ቦቡ ጥሻና የግቢ አጥር ካልታጣ ይኖራል። የሚጠፉት ዓመቱን ሙሉ አንድ ቦታ መያዝ ያለባቸው፣ ጉድጓድ ያለው ዛፍ የሚሹ፣ ከተቆረጠው ደን ወደ ሌላ ደን ሜዳ አቋርጠው መሄድ የማይሆንላቸው ጥንዶች ናቸው። ባሕር ዛፍ ይህን አይተካላቸውም፤ ከመጠንከሩ በፊት ይቆረጣል፣ ጉድጓድ አያበጅም፣ ቱራኮ የሚበላው ፍሬም የለውም። በአምቦና በጊንጪ ዙሪያ በየዓመቱ ክረምት ችግኝ ይተከላል። ከሚተከለው መካከል ዝግባው፣ ወይራውና ጥቁር እንጨቱ ድርሻቸው ከፍ እንዲል የምመኘው ከልቤ ነው። በደኑ ውስጥ ያረጀ፣ የፈረሰ፣ መሐሉ የበሰበሰ ጥድ ሲገኝም ማገዶ ነው ተብሎ ከመወሰዱ በፊት ማን እንዳደረበት ቀና ብሎ ማየት ይገባል።

ይህን በዓይኑ ለማየት የሚፈልግ ሰው ሩቅ መሄድ የለበትም። ጊንጪ ማደር፣ ማለዳ 12 ሰዓት ሳይሞላ ወደ ጭልሞ መውጣትና ከደኑ ማኅበር አባላት መንገድ የሚያሳይ ሰው መጠየቅ ነው። የቦቡ ቅብብል ከሁሉ የሚበረታው ፀሐይ እስክትሞቅ ነው። ክረምት ከሆነ ቦቲ ጫማ ያስፈልጋል።